ከላይላኩ ቁጥቋጦ ጀርባ ያለው ቧንቧ

(ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ብሉሚንግተን እንደምናገር ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ ሞል ኦፍ አሜሪካ ስለሚባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እዚያም እንደርሳለን። የምጀምረው ግን ከቤቴ ጓሮ ነው።

ቤቱን በገዛን በመጀመሪያው ሚያዝያ፣ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ፣ በጓሮው ጥግ ያለውን ላይላክ የሚባል ባለ አበባ ቁጥቋጦ ልከረክም ጎንበስ አልኩ። ቅርንጫፎቹን ገለጥ ሳደርግ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቅ ያለ የብረት ቧንቧ አየሁ። ወፍራም ነው፤ በአንድ እጅ አይጨበጥም። አፉ በዛገ ክዳን ተደፍኗል። መጀመሪያ የድሮ አጥር ምሰሶ ቅሪት መሰለኝ። በጫማዬ ጫፍ መታ ሳደርገው ግን ድምፁ ወደ ታች ሄደ፣ ቆየት ብሎም ከጥልቅ ቦታ ተመለሰልኝ።

የውሃ ጉድጓድ ነበር። የሚኒሶታ ሕግ ቤት የሚሸጥ ሰው በግቢው ውስጥ መኖሩን የሚያውቀውን ጉድጓድ ሁሉ ለገዢው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። እኛ በተረከብነው ወረቀት ላይ ሻጩ ጉድጓድ መኖሩን እንደማያውቅ ተጽፎ ነበር። ዋሽቷል አልልም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩትም ሳያዩት የኖሩ ይመስለኛል። አገልግሎት የማይሰጥ ጉድጓድ እንዲሁ ክፍት መተው የለበትም። ከላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ፣ ቤንዚንም ይሁን ለሣር የሚረጭ መድኃኒት፣ በእርሱ በኩል በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠራሁ። ክዳኑን በችግር ፈትቶ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት መለኪያ ገመድ ለቀቀ። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ መጨረሻ ላይ ጠብ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ውሃው እዚያው ነው። ስንት ዓመት ማንም ሳይቀዳው ከእግራችን በታች ተቀምጧል። ሰውየው ከታች ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ በሲሚንቶ ሞላው፣ ለመንግሥት የሚላከውን ቅጽ ሞላ፣ ሄደ።

ሙያዬ የውሃና የፍሳሽ መስመር ስለሆነ ጉድጓድ ለእኔ ብርቅ አይደለም። ያን ቀን ግን የምኖርባትን ከተማ ታሪክ በእጄ የዳሰስኩት ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ባነበብኩትና ሽማግሌ ጎረቤቶቼን በጠየቅሁ ቁጥር አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ፤ ዛሬ የምነግራችሁም እርሱኑ ነው። ብሉሚንግተን ብዙ ቤት ስለተሠራባት ከተማ አልሆነችም። ከተማ የሆነችው ሰዎቿ የየግላቸውን ጉድጓድ ደፍነው ከአንድ ቧንቧ መጠጣት ሲጀምሩ ነው።

ቦታውን ላላያችሁት ላስረዳ። ብሉሚንግተን ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ናት። በደቡብ በኩል የሚኒሶታ ወንዝ ይገድባታል፤ ከወንዙ በላይ ገደሉ ቀጥ ብሎ ይነሣና ከላይ ሜዳ ይሆናል። በሰሜን በኩል 494 የሚባለው አውራ ጎዳና አለ። መሐሏን 35 ደብሊው የሚባለው ሌላ አውራ ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሰነጥቃታል፤ ነዋሪው "ምሥራቅ ብሉሚንግተን" እና "ምዕራብ ብሉሚንግተን" የሚለው ይህን ጎዳና ወሰን አድርጎ ነው። ምሥራቁ ቤቶቹ ትንንሽና ቀደም ያሉ፣ ምዕራቡ ኮረብታማና ሰፋፊ ግቢ ያለበት ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ይጎራበታታል። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ስፋቷ ውስጥ እኛ "ፒያሳ" የምንለውን ዓይነት መሐል ከተማ ፈልጋችሁ አታገኙም። ልጄ ትንሽ ሳለች "ከተማው የት ነው?" ብላ ጠይቃኝ መልስ አጥቼ ነበር።

ሜዳው ከመጀመሪያው ባዶ አልነበረም። የአሜሪካ ነባር ነዋሪ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ አገር ነው። በ1834 ሳሙኤልና ጊዲዮን ፖንድ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ለሚስዮን ሥራ መጥተው ማሕፒያ ዊቻሽታ በሚባል የዳኮታ መሪ መንደር ተቀመጡና ለዳኮታ ቋንቋ በላቲን ፊደል የአጻጻፍ ሥርዓት አበጁ። በ1843 ጊዲዮን ፖንድ ከወንዙ በላይ ወዳለው ገደል፣ ወደ ዛሬዋ ብሉሚንግተን መጣ፤ የመንደሩ ሰዎችም በዚያው አካባቢ ሰፈሩ። በ1856 የሠራው የሸክላ ጡብ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እንደ እኛ ለፊደል ክብር ያለው ሰው ሊያየው ይገባል። ነገር ግን ሙሉውን ንገሯቸው። በ1851 በተፈረሙ ውሎች ዳኮታዎች መሬቱን አጡ። በ1862 በዳኮታዎችና በአሜሪካ መንግሥት መካከል ጦርነት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን ማንኬቶ ከተማ ላይ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። የቀሩትም ከሚኒሶታ እንዲወጡ ተደረገ። ብሉሚንግተን የሚለው ስም ከኢሊኖይ የመጡ ሰፋሪዎች የትውልድ ከተማቸውን ስም ይዘው የመጡት ነው። የአስተዳደር ወረዳ ሆና የተቋቋመችው በ1858፣ ሚኒሶታ ራሷ ክፍለ ግዛት በሆነችበት ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ለ90 ዓመት ያህል የእርሻ አገር ነበረች። አትክልት አብቅለው ወደ ሚኒያፖሊስ ገበያ የሚወስዱ ገበሬዎች ይኖሩባት ነበር። በ1950 የሕዝብ ቆጠራ 9,902 ሰው ተቆጠረ። በ1960 ቁጥሩ 50,498 ደረሰ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ቁጥሩ በጆሮ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። በ10 ዓመት ውስጥ በአማካይ በየቀኑ 11 ሰው ይገባ ነበር ማለት ነው፤ እሑድም፣ በገናም፣ በረዶ ሲወርድም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች፣ መንግሥት ዋስ የሆነለት የቤት ብድር፣ ርካሽ መሬትና መኪና ተገናኙ። የድንች ማሳው ተሸንሽኖ ራምብለር የሚባለው ዝቅ ያለ፣ ባለ አንድ ደርብ ቤት ተደረደረበት። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩበት ቤት ይኸው ነው፤ ሦስት መኝታ ክፍል፣ ከሥር ቤዝመንት፣ ከጎን የመኪና ማቆሚያ። ሲሠራ የሚገቡበት ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሁለት ልጅ ይዘው ሦስተኛውን የሚጠብቁ።

ቤቱ በሳምንታት ይቆማል፤ የውሃ መስመር ግን በሳምንታት አይዘረጋም። ገበሬ ለሚኖርበት አገር የተቋቋመ አስተዳደር ለ50 ሺህ ሰው የሚሆን ቧንቧ ከየት ያምጣ? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረለት፤ አንዱ ለመጠጥ ውሃ፣ ሌላው ለፍሳሽ። የኔ ቧንቧ የመጀመሪያው ነው።

የዚህን ክፋት ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የብሉሚንግተን ምሥራቃዊ ክፍል ከበረዶ ዘመን የቀረ አሸዋና ጠጠር ነው። አሸዋ ውሃ አይይዝም፣ በፍጥነት ያሳልፋል። ቦታው ጠባብ ስለነበር የአንዱ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ለራሱ የመጠጥ ጉድጓድ ራቅ ብሎ ቢቆፈር እንኳ ለጎረቤቱ ቅርብ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በየግቢው ሕጉን ጠብቆ ቆፈረ። ከመሬት በታች ግን አጥር የለም። በ1959 የሚኒሶታ የጤና መሥሪያ ቤት በመንትያ ከተሞቹ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ዙሪያ ያሉትን የግል ጉድጓዶች ሲመረምር፣ ከተመረመሩት ግማሽ የሚጠጉት የተበከለ ውሃ እየሰጡ መሆናቸው ታወቀ። ናይትሬት የሚባለው፣ ከፍሳሽ የሚመጣውና በተለይ ለሕፃናት አደገኛ የሆነው ንጥረ ነገር ውስጡ ነበር። የቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም የጋራ ፍሳሽ መስመር ለሌለው ቤት ዋስ አልሆንም ማለት ጀመረ።

አንዲት ጎረቤቴ በ1950ዎቹ ሙሽራ ሆነው የገቡበት ቤት ውስጥ አሁንም ይኖራሉ። ስለ ጉድጓዱ ስነግራቸው ሳቁና ወደ ወጥ ቤታቸው ወሰዱኝ። አንድ ብርጭቆ ከቧንቧ ሞልተው በመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሡት። "በዚያን ጊዜ እንዲህ ስትሞላው አናቱ ላይ አረፋ ይይዝ ነበር፤ እንደ ቢራ" አሉኝ። አረፋው የልብስ ሳሙና ነው። ያ ዘመን አዳዲሶቹ የዱቄት ሳሙናዎች የወጡበት ነበር፤ መሬት ውስጥ አይበሰብሱም፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ ሾልከው ወደ መጠጥ ጉድጓዱ ይደርሳሉ። "መጀመሪያ የራሳችን ሳሙና መስሎን ነበር" አሉ። "አንድ ቀን ባለቤቴ፣ እኛ እኮ ይህን ሳምንት አላጠብንም፣ አለኝ።" ብርጭቆውን ለእኔ ሰጡኝና ቆመው እስክጠጣው ጠበቁኝ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነው በዓይኔ ከሕንፃ ሁሉ ይበልጣል። በ1960ዎቹ ከተማዋ መንገዱን ቆፍራ የውሃና የፍሳሽ መስመር ዘረጋች። ወጪው በየቤቱ ፊት ለፊት ባለው መስመር ልክ ተሰልቶ ለባለቤቱ ይደርሰዋል። አስቡት፤ ያ ወጣት አባወራ ቤቱን ሲገዛ የጉድጓዱን ዋጋ አብሮ ከፍሏል። የወር ዕዳው ገና አላለቀም። አሁን ደግሞ የሚሠራ የሚመስለውን ጉድጓድ ዘግቶ፣ ለሌላ ቧንቧ በድጋሚ ክፈል ይባላል። "የእኔ ውሃ ደህና ነው" ማለት በጣም ቀላል ነበር። ብዙ ሰው ብሎታልም። ግን ከፈሉ። ዛሬ ከተማዋ ከራሷ ጥልቅ ጉድጓዶች አውጥታ የምታጣራው ውሃ አለ፤ ከፊሉን ደግሞ ከሚኒያፖሊስ ትገዛለች። ፍሳሹም ወንዙን ተሻግሮ ሴኔካ በሚባለው ማጣሪያ ከበርንስቪልና ከኢገን ፍሳሽ ጋር አብሮ ይጣራል። በ1967 ሜትሮፖሊታን ካውንስል የሚባለው የሰባት ካውንቲዎች (የአስተዳደር አውራጃዎች) የጋራ ምክር ቤት ሲቋቋም አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው የፍሳሽ ጉዳይ ነበር። የከተማ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አደባባይና ስለ ሐውልት ይጽፋሉ፤ እኔ ስለ ፍሳሽ ብጽፍ ደስ ይለኛል።

ከውሃ ወደ ገንዘብ እንሻገር፤ ነገሩ አንድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከተማ የሚተዳደረው በአብዛኛው በንብረት ግብር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ቼኩን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። መኖሪያ ቤት ብቻ ያለበት ከተማ ድሃ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ መንገዱ በረዶ ጠራጊ ይፈልጋል። ፋብሪካና ቢሮ ያለው ከተማ ግን ግብር ይሰበስባል፣ ልጅ አያስተምርለትም። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የከተማ ዳርቻዎቹ ፋብሪካ ለመያዝ ተሻሙ። ከብሉሚንግተን ማዶ፣ ከወንዙ ደቡብ፣ ብላክ ዶግ የሚባል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ብሉሚንግተን ወንዙን ተሻግራ ማመንጫውን ወደ ክልሏ ልታጠቃልል ሞከረች። በማዶ ያሉት የበርንስቪል ሰዎች ተቆጡ፣ ተከራከሩ፣ በ1964ም ማንም እንዳይወስድባቸው የራሳቸውን መንደር በሕግ አቋቋሙ። አንድ የጭስ ማውጫ ሁለት ጎረቤታሞችን አጣላ።

ይህ ሽሚያ ማብቂያ እንደሌለው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በ1971 ቻርልስ ዊቨር የሚባል፣ አኖካ የተባለችውን ከተማ የሚወክል የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ያራመደው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ የሚለው ይህን ነው፤ ከ1971 ወዲህ በሰባቱ ካውንቲዎች ውስጥ ከተማ ሁሉ በንግድና በኢንዱስትሪ ንብረት ላይ ካገኘው ዕድገት 40 በመቶውን የግብር መሠረት (ግብር የሚጣልበትን የንብረት ዋጋ) ወደ አንድ የጋራ ቋት ያስገባል፤ ከቋቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ከተማ በሕዝቡ ብዛትና በንብረቱ አቅም ልክ ይከፋፈላል። አቅሙ ያነሰ ብዙ ያገኛል። እድር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ለአሜሪካ ግን በጣም እንግዳ ነገር ነበር። ፍርድ ቤት የወሰደውም ማን መሰላችሁ? ያው በርንስቪል ነው። በ1974 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ትክክል ነው ብሎ ፈረደ፤ በተከታዩ ዓመት ክፍፍሉ ተጀመረ። እስከ ዛሬም ይሠራል።

ከሁሉም አብልጠው ከሚያዋጡት ከተሞች ግንባር ቀደሟ ለረጅም ዓመታት ብሉሚንግተን ናት። አንዳንድ ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። "የእኛ ገንዘብ" ይላሉ። እኔ በግልጽ እናገራለሁ፤ ይህ ሕግ በዚህ አካባቢ ከተሠራው ነገር ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሽሚያውን ሙሉ በሙሉ አላስቀረም፤ 60 በመቶው እዚያው ስለሚቀር ከተሞች አሁንም ፋብሪካ ይሻማሉ። ነገር ግን ብሉሚንግተን ላይ የሚከፈት አዲስ ሆቴል ማዶ ያለ ትምህርት ቤት የሚጠግን ከሆነ፣ ሆቴሉ ውስጥ የምትሠራው ግን ብሉሚንግተን ላይ ቤት መግዛት ያልቻለችው እህታችንም ከድካሟ ልጇ ጋር የሚደርስ ነገር አላት።

አሁን ወደ ሞሉ። ሞሉ ያለበት ቦታ መጀመሪያ ስታዲየም ነበር። ሜትሮፖሊታን ስታዲየም በ1956 ተከፈተ፤ ከ1961 ጀምሮ የቤዝቦሉ ትዊንስና የአሜሪካ እግር ኳሱ (ፉትቦል) ቫይኪንግስ እዚያ ተጫወቱ። በ1965 የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ቢትልስ ዘፍነውበታል። ቡድኖቹ ወደ ሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ ሲሄዱ ስታዲየሙ ባዶውን ቀረና በ1985 ፈረሰ። ስታዲየም ያጣች ከተማ ምን ትሆናለች? ብዙዎቹ በሣር ይሸፈናሉ። እዚህ ግን በነሐሴ 1992 በመላ አገሪቱ ስሙ የታወቀ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። በሚቀጥለው ስትሄዱ ሁለት ነገር ፈልጉ። በውስጡ ባለው የልጆች መጫወቻ ወለል ላይ በስታዲየሙ የቤዝቦል ኳስ መቺው የሚቆምበት ቦታ የት እንደነበር የሚያሳይ ጽላት አለ። ከዚያ ቀና ብላችሁ በማዶ ግድግዳ ከፍታ ላይ ያለውን አንድ ቀይ ወንበር እዩ። በ1967 የትዊንስ ተጫዋች ሃርመን ኪልብሩ የመታው ኳስ ያረፈበት ቦታ ነው፤ 520 ጫማ፣ ወደ 158 ሜትር ገደማ። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያጓጓዘው የውሃ ላይ መጫወቻ ከሥሩ ሲያልፍ ወንበሩን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ሙያዬ ስለሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። የሞሉ መተላለፊያዎች በሚኒሶታ ክረምት ማሞቂያ የላቸውም። መግቢያዎቹ ብቻ ይሞቃሉ። ሌላው ከጣሪያው መስታወት በሚገባ ፀሐይ፣ ከመብራቱና ከሚመላለሰው ሰው ሰውነት በሚወጣ ሙቀት ይሞቃል። እዚያ ማታ ፈረቃ የምትሠሩ ሰዎች ሕዝቡ ሲወጣ ብርዱ ሲገባ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው።

ሞሉ ከተማዋን አሳውቋታል፤ ጠባይዋ ግን እርሱ አይደለም። ለእኔ ጠባይዋ የሚታየው በቤቶቹ መካከል ነው፤ እዚያ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ። በየቀኑ ከገቡት 11 ሰዎች ውስጥ ጥቁር ፈልጋችሁ አታገኙም ነበር ማለት ይቻላል። የብድር ዋስትናው አሠራር ጥቁሮችን ያገለለ ነበር። ብሉሚንግተን በምትገኝበት በሄኔፒን ካውንቲ በሺህ በሚቆጠሩ የቤት ሰነዶች ላይ "ለነጭ ካልሆነ ሰው አይሸጥም" የሚል ውል ሰፍሮ እንደነበር የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰነድ በሰነድ አውጥተው በካርታ አሳይተዋል። በ1953 የሚኒሶታ ሕግ እንዲህ ያለ አዲስ ውል ከለከለ፤ በ1968 የፌዴራሉ ሕግ በመላ አገሪቱ የቤት መድልዎን አገደ። ቃላቱ ግን ወረቀቱ ላይ ቀሩ። በ2019 የወጣ የሚኒሶታ ሕግ ባለቤቱ ውሉን በይፋ እንዲሽረው መንገድ ከፍቷል። ቤት የገዛችሁ ሁሉ ሰነዳችሁን አስፈልጋችሁ አንብቡ። እኔ የራሴን አንብቤአለሁ፤ ባይገኝበትም እያንዳንዱን ገጽ ስገልጥ እጄ ይከብደኝ ነበር።

አንድ ላይ የገቡት ወጣቶች አንድ ላይ አረጁ። ይህ በአንድ ዘመን የተሠራ ከተማ ሁሉ ዕጣ ነው። በ1970 ሕዝቡ 81,970 ነበር፤ ከዚያ ለ40 ዓመት ብዙም አልተነቃነቀም፤ በ2010 እንኳ 82,893 ነበር። ልጆቹ አድገው ወጡ፣ ወላጆቹ ቀሩ። በችኮላ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች ባዶ ሆኑ። ሊንከን የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1982 ተዘጋ። ከተማዋ እንዲሁ ቀስ ብላ ልትደርቅ ትችል ነበር። ከመድረቅ ያዳናት እንግዳ ነው። በ2020 ቆጠራ 89,987 ሰው ተቆጥሮ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሴንት ፖልና ከሮቸስተር ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ አራተኛ ከተማ ሆናለች፤ ከሦስት ነዋሪ አንዱ ገደማ ነጭ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሎቹ፣ ሞሉ ሥራ ሰጡ፤ ራምብለሮቹ ከሌላው ረከስ ያለ ቤት ሆኑ። እኛ፣ ሶማሌዎች፣ የላቲን አሜሪካ ሰዎች፣ ያንኑ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሁለት ልጅ ይዘን ሦስተኛውን እየጠበቅን ገባንበት።

በቀላሉ ገባን አልልም። ከተዘጉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ዛሬ ዳር አል ፋሩቅ የሚባለው መስጊድ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 2017 ንጋት ላይ፣ ሰዎች ለጸሎት ተሰብስበው ሳለ፣ በመስኮት ቦምብ ተወረወረበት። በእግዚአብሔር ቸርነት የሰው ሕይወት አልጠፋም፣ የተጎዳም አልነበረም። ያደረጉት ከኢሊኖይ በመኪና የመጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መሪያቸው 53 ዓመት ተፈርዶበታል። በዚያ ሳምንት በመቶዎች የሚቆጠሩ የከተማዋ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይሁዱም፣ በመስጊዱ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ተሰብስበው ቆሙ። ያ ሕንፃ አንድ ጊዜ የራሳቸው ልጆች ፊደል የቆጠሩበት ክፍል እንደነበር ያስታወሱ ሽማግሌዎች በመካከላቸው እንደነበሩ አልጠራጠርም።

ለምን ይህን ሁሉ ለእናንተ እንደምነግር ልንገራችሁ። ቤት ከገዛን በኋላ ብዙዎቻችን በራችንን እንዘጋለን። ከሁለት ሥራ እንመለሳለን፣ ጋራዡ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከከተማው የሚመጣውን ደብዳቤ ሳንከፍተው እንጥላለን። ያ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መንገድ ጥገና ነው፤ በ1960ዎቹ የተቀበሩት ቧንቧዎች እያረጁ ስለሆነ መንገዱ ደግሞ ይቆፈራል፣ ወጪው ደግሞ ይከፋፈላል፣ ከመወሰኑ በፊትም ነዋሪው የሚሰማበት ስብሰባ ይጠራል። እኔ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። አዳራሹን የሚሞሉት ያ ብርጭቆ የሰጡኝን ጎረቤቴን የመሰሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ከመንገዱ ነዋሪ ግማሹ እኛን የመሰለ ሆኖ ሳለ ከእኛ የሚመጣ አንድ ሁለት ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ አልፈው አልፈው ወንበሩ ባዶ ሲሆን የሚወስነው ማን እንደሆነ አስቡ። በአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማፈር የለም።

ከመነሣታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤታችሁ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነ ጉድጓድ ሊኖርበት ይችላል። መዝገብ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ የጉድጓድ ሕግ የወጣው በ1974 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቆፈሩት ብዙዎቹ በየትም አልተጻፉም። በሚያዝያ በረዶው ሲሄድ ጓሯችሁን ዞር ዞር በሉ። በቁጥቋጦ ሥር፣ በአበባ መደቡ ጥግ፣ በቤዝመንቱ ወለል ላይ በሲሚንቶ ክብ ሆኖ የተለጠፈ ቦታ፣ ከግድግዳ ወጥቶ የትም የማይሄድ የውሃ ቱቦ ፈልጉ። ካገኛችሁ ክዳኑን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ፣ ልጆችም እንዳይቀርቡት፣ ምንም ነገር እንዳትጨምሩበት። ደውሉልኝ፤ መጥቼ አብረን እናየዋለን፤ ከዚያ ባለሙያ እንጠራለን። ስልኬን በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ጽፌላችኋለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቀኝ፤ ሻዩ እስኪደርስ ጊዜ አለን።